ክብሪቱን ማን ጫረው?

ልጆች፣ እንደምን ከረማችሁ።

ሰሞኑን አንዲት ወጣት ረቂቅ ልካልኝ ነበር። ቀለል ያለ የፍቅር ልቦለድ ነው፣ ውስጡ የሌባና የፍንጭ ነገር አለበት። ታሪኩ የሚካሄደው ሰዎች ለአንድ ሳምንት ወደ ድሮ ዘመን በሚገቡበት ማረፊያ ነው። እንግዶቹ በር ላይ ስልካቸውን ያስረክባሉ። የድሮ ልብስ ይለብሳሉ፣ የድሮ ስም ይሰጣቸዋል፣ ከዚያ በሻማ ብርሃን እየተያዩ፣ በላባ ብዕር እየጻፉ፣ ማታ ማታ እየጨፈሩ ይሰነብታሉ። ሐሳቡን ወደድኩት። ረቂቁን ግን አልወደድኩትም። ለምን እንዳልወደድኩት ስጽፍላት ደብዳቤው ረዘመ፣ ደግሞም ለስንቱ ወጣት በየግሉ ስነግረው የኖርኩት ነገር ሆኖ አገኘሁት። እንግዲያው ለሁላችሁም ይሁን ብዬ ነው። ልጅቷ ፈቅዳለች። ሌባዋን አላወጣባትም፣ የምሰጣችሁም ምሳሌ የራሴ ነው።

በአርታኢነት ወደ ሠላሳ ዓመት ሠርቻለሁ። ከዚያ በፊት ራሴ ለመጻፍ ሞክሬ አልሆነልኝም። የመጀመሪያ ረቂቄ ላይ ወንጀለኛው ብቅ የሚለው መጽሐፉ ሊያልቅ ሦስት ገጽ ሲቀረው ነበር፣ አንባቢን ሸወድኩ ብዬ ደስ ብሎኝ። ያነበበችልኝ አርታኢ ገጹ ጠርዝ ላይ "ይሄ ሰውዬ ደግሞ ከየት መጣ?" ብላ ጽፋ መለሰችልኝ። ሌላ አስተያየት አልነበራትም።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። "ቀለል ያለ" ስላልነው ቀላል እንዳይመስላችሁ። ከባድ ልቦለድ ቢንዛዛ አንባቢ "ጥልቅ ነው" ብሎ ይታገሳል። ቀለል ያለውን ማንም አይታገሰውም፣ ሁለት ገጽ ከደበረው ስልኩን ያነሳል።

የረቂቁ ችግር የብዙዎቻችሁ ችግር ነው። አንዱ ምዕራፍ የታሪክ ትምህርት ነው፣ ስለ ኮርሴት (ወገብን አጥብቆ የሚይዝ የሴቶች የውስጥ ልብስ) እና ስለ ሻማ። ቀጣዩ ፍቅር ነው፣ መተያየት፣ ማፈር፣ መሸሽ። ሦስተኛው ላይ የጠፋው ጌጥ ትዝ ይላቸውና ሁሉም ይሯሯጣሉ። አንዱ ሲናገር ሁለቱ ቁጭ ብለው ተራቸውን ይጠብቃሉ። እንዲህ ሲሆን አንባቢ የሚወደውን ይመርጥና ሌላውን ይዘላል። እኔ ራሴ፣ ለማንበብ የሚከፈለኝ ሰው፣ ዘልያለሁ።

ቦታውን ለምን መረጣችሁት? ሰዎች የሚያርፉበት ግቢ ብቻ ከሆነ የምትፈልጉት፣ ተራ ሆቴል ይበቃችሁ ነበር። የድሮ ዘመን ማረፊያ ከሆቴል የሚለየው እዚያ ያለ ሰው ሁሉ ስለሚዋሽ ነው፣ ያውም በስምምነት። ሁሉም ሌላ ስም አለው፣ ሌላ ኑሮ አለው፣ ያላደገበትን ጨዋነት ይጫወታል። ሁሉም በሚዋሽበት ቤት አንድ የምር ውሸታም ቢገባ በምን ይለያል? ፍቅር ቢመጣስ፣ ሰውየው የወደደው እኔን ነው ወይስ የለበስኩትን ቀሚስ? መርማሪም አፍቃሪም የሚጠይቁት ያችኑ ጥያቄ ነው፣ አንተ ማነህ? ቦታው ለሁለቱም ጥያቄውን አዘጋጅቶ እየጠበቃችሁ፣ እናንተ ስለ ሻማ አሠራር ታወሩኛላችሁ።

ስለዚህ ምክሬ አንድ ነው፣ የቀረው የሱ ዝርዝር ነው። ሦስት ሥራ በአንዴ የምትሠራ አንዲት ትንሽ ስህተት ፈልጉ። የምታስቅ፣ የምታስጠረጥር፣ ልብን የምታጋልጥ።

ምሳሌ። ማረፊያው እንግሊዝ አገር ነው እንበል፣ የሚጫወቱት ዘመን 1815 (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው)። የእንደራሴው ዘመን ይሉታል። ንጉሥ ጆርጅ 3ኛ ታሞ መግዛት ሲያቅተው ልጁ ከ1811 እስከ 1820 በእንደራሴነት የገዛበት ማለት ነው። ዳንስና ደብዳቤ፣ ጨዋነትና ሐሜት የሞላበት ስለሆነ ለፍቅር ታሪክ ይመቻል። ማታ ዳንስ ላይ ነፋስ ገብቶ ሻማዎቹን አጠፋቸው። ጨለማ ሆነ። ሳቅ፣ መገፋፋት፣ የሰው እግር መርገጥ። ወዲያው ከጎን ካለው ክፍል አንድ ሻማ በርቶ መጣ። እንግዶቹ አጨበጨቡ፣ ዳንሱ ቀጠለ። የአንዷ እንግዳ የአንገት ጌጥ መጥፋቱ የታወቀው ከዚያ በኋላ ነው።

የማረፊያው ልብስ ሰፊ ማታ አልጋዋ ላይ ተጋድማ ነገሩን ታውጠነጥናለች። ዋናዋ ገጸ ባሕርይ እሷ ናት፣ ለምን ልብስ ሰፊ እንዳደረግኳት ቆይቼ እነግራችኋለሁ። የቤቱ ደንብ ጥብቅ ነው። እሳት የሚነሳው በባልጩትና በብረት ነው። ብልጭታው የከሰለ ጨርቅ ላይ ይወድቃል፣ ጨርቁ ፍም ይይዛል፣ ከዚያ ጫፉ ድኝ የተነከረ ስንጥር ሲነካበት ይነዳል። በለመደ እጅ እንኳን ጊዜ ይወስዳል፣ በጨለማ ደግሞ ጣት ይልጣል። ያቺ ሻማ ግን ሦስት ሳይቆጠር ነው የበራችው። በጭረት የሚነድ ክብሪት ደግሞ ለገበያ የወጣው በ1827 ነው፣ ጆን ዎከር የሚባል እንግሊዛዊ መድኃኒት ቀማሚ ነው የጀመረው። እንግዲህ እዚህ ቤት ውስጥ አንድ ሰው ከዘመኑ አሥራ ሁለት ዓመት ቀድሟል።

አንባቢዋ እዚህ ስትደርስ ድሮ እሳት እንዴት ይነሳ እንደነበር ተምራለች። ትምህርት መሆኑን ግን አላወቀችም፣ ሌባ እየፈለገች ነበር።

ክብሪቱ ከማን ኪስ ተገኘ? ልብስ ሰፊዋ ልቧ ከከጀለው ሰውዬ ኪስ። የሰውየው ነገር ደግሞ አስቀድሞም አላማረም፣ በሌላ ሰው ስም ነው የተመዘገበው። ሲፋጠጥ ምን ይላል? ባልጩቱ እምቢ ብሎት ሦስት ቀን ሙሉ በቀዝቃዛ ውሃ ሲላጭ ከርሞ፣ አፍሮ የሸሸጋት ክብሪት ናት። ጎን ክፍል ውስጥ ብቻህን ምን ትሠራ ነበር ስትለው መልስ የለውም። ጆሮው ይቀላል። በኋላ ነው የሚወጣው፣ ለካ የዳንሱን እርምጃ ብቻውን ሲለማመድ ነበር፣ በነጋታው እሷ እንድትጨፍር ሲፈቀድላት እግሯን እንዳይረግጥ። አንዲት ክብሪት ናት፣ አሳቀችን፣ አስጠረጠረችን፣ የልቡንም አወጣችው። ሌባው ሌላ ሰው ነው፣ እሱን እናንተው ፈልጉት።

እንዲህ ያሉ ስህተቶች ታሪክ ውስጥ ሞልተዋል፣ ግን አጣሩ። እኔን ጉድ የሠራኝ ቴምብር ነው። ገና ልጅ አርታኢ ሳለሁ፣ 1812 ላይ የምትኖር እመቤት በአንድ ረቂቅ ውስጥ ቴምብር በምላሷ አርሳ ስትለጥፍ ዝም ብዬ አሳለፍኳት። መጽሐፉ ወጣ። አንድ አንባቢ ባማረ የእጅ ጽሕፈት ሁለት ገጽ ጽፎ ላከልኝ፣ ፖስታው ላይ ያለውን ቴምብር በቀይ እስክሪብቶ አክብቦበት። የመጀመሪያው ተለጣፊ ቴምብር እንግሊዝ አገር የዋለው በ1840 ነው። ከዚያ በፊት የደብዳቤውን ዋጋ አብዛኛውን ጊዜ የሚከፍለው ተቀባዩ ነበር፣ በወረቀቱ ብዛትና በመንገዱ ርቀት ተሰልቶ። ማሸጊያ ፖስታ ራሱ እንደ አንድ ወረቀት ስለሚቆጠር ደብዳቤው ይታጠፍና በሰም ይታሸጋል። ቦታ ለመቆጠብ ደግሞ ገጹን ጽፈው ሲጨርሱ አዙረው በላዩ ላይ አግድም ይጽፉበታል። እስቲ ይሄን በፍቅርና በምርመራ ዓይን እዩት። አግድም የተጻፈ ደብዳቤ ሁለት መልእክት አንድ ላይ ተኝተውበት የሚገኝ ወረቀት ነው! በዚያ ላይ ያልተጫጩ ወንድና ሴት ደብዳቤ መጻጻፍ ነውር ነበር። ማረፊያው ውስጥ አንዲት ወረቀት ከእጅ ወደ እጅ ስታልፍ የታየች እንደሆነ፣ ቁርስ ላይ ቤቱ በሙሉ ሁለቱን ድሯቸዋል። ልብስ ሰፊዋ ግን ለሰውየው የሰጠችው የሱሪውን ልክ የጻፈችበትን ወረቀት ነው።

ሌላም አለ። የማራገቢያ ቋንቋ የሚባለውን ሰምታችሁ ይሆናል። ማራገቢያውን ጉንጭ ላይ መጎተት እወድሃለሁ ማለት ነው፣ እንዲህ እንዲያ የሚሉት። አብዛኛው ከ1815 በኋላ የመጡ የማራገቢያ ነጋዴዎች ዕቃቸውን ለመሸጥ ያሰራጩት ነገር ነው። ብዙ ረቂቅ ውስጥ ግን እንደ ጥንታዊ እውነት ተደርጎ ይመጣብኛል። እናንተ ገልብጡት። በማረፊያው የታሪክ ባለሙያ ነኝ ብላ የተቀጠረችው ሴትዮ ይሄንኑ የ1815 ልማድ ብላ በልበ ሙሉነት ታስተምር። የምታውቅ አንባቢ ወዲያው ትነቃባታለች፣ ሴትዮዋ ፎርጅድ ናት። የማታውቀው ደግሞ መጨረሻ ላይ ስትሰማ "ገጽ 30 ላይ አይቼው ነበርኮ!" ትላለች። ሁለቱም ደስ ይላቸዋል።

አሁን ወደ ልብስ ሰፊዋ ልመለስ። መርማሪ ስትመርጡ፣ ሰው ሳይጠራጠራት በየክፍሉ ልትገባ የምትችል ሰው ምረጡ። ልብስ ሰፊ ሁሉንም ለክታለች። ሰው ስሙን ይለውጣል እንጂ ትከሻውን አይለውጥም። የማን ልብስ ጠበበ፣ የማን ጫፍ ጭቃ ነካ፣ የማን ስፌት ተፈቶ በሌላ እጅ ተሰፋ፣ ሳትጠይቅ ታያለች። አንዷ እንግዳ "ቀሚሴን ሁሉን በድሮ ዘዴ ራሴ ነኝ የሰፋሁት" እያለች ስትኩራራ፣ ሰፊዋ ከውስጥ መርፌ ቁልፍ ታገኝባታለች፣ ያውም ከ1849 ወዲህ የመጣውን ዓይነት። ለጊዜው ዝም ትላታለች። የዚያ ዘመን ስስ ቀሚስ ኪስ ስለማይመቸው ሴቶች ትንሽ የእጅ ቦርሳ ያንጠለጥሉ እንደነበርም ታውቃለች። ስለዚህ "ጌጡን ኪሷ ከተተችው" የሚለውን ምስክር ስትሰማ ፈገግ ትላለች። የትኛው ኪስ?

ምስክሮችን ካነሳን አይቀር፣ ይሄ ቦታ ሌላ ቤት የማይሰጣችሁ ዓይነት ምስክር ይሰጣችኋል። አሜሪካ ፕሊመዝ ውስጥ የ1620ዎቹ ሰፋሪዎች መንደር እንደገና ተሠርቶ የቆመበት ሙዚየም አለ። ሰፋሪዎቹን ሆነው የሚጫወቱት ሠራተኞች ጎብኚ ሲያናግራቸው በዚያ ዘመን ሰው አፍ ነው የሚመልሱት፣ ከዚያ በኋላ የመጣውን ነገር እንደማያውቁ ሆነው። እስቲ ይሄን ወደ ታሪካችሁ አምጡት። አሳላፊው ሌባውን አይቷል። ግን ከሚጫወተው ሰው ላለመውጣት ምሏል፣ ወይም ከወጣ ደመወዙ ይቆረጣል። "ስልክ ይዞ ነበር?" ሲሉት "ስልክ ምንድን ነው እመቤቴ?" ይላል። "እጁ ላይ የሚያበራ ነገር ነበር ወይ?" ሲሉት ግን ያስባል፣ ከዚያ "ያለ ነበልባል የሚበራ ፋኖስ አይቻለሁ፣ ጥንቆላ መስሎኝ ፈራሁ" ይላቸዋል። አስቂኝ ነው፣ ማስረጃም ነው። አንድ ምዕራፍ ሙሉ ብታቆዩት አይሰለችም።

ሳቅ ላይ ስንደርስ ብዙዎቻችሁ ቀልደኛ ጓደኛ ትፈጥሩና እሱ በየገጹ ተረብ እንዲያወራ ታደርጋላችሁ። ተዉት ይረፍ። በእንዲህ ዓይነት ቦታ የሚያስቀው እውነተኛው ዓለም በማይፈለግበት ሰዓት ሰተት ብሎ ሲገባ ነው። በ1839 ስኮትላንድ ውስጥ የኤግሊንተን ባላባት የመካከለኛውን ዘመን የፈረሰኞች ግጥሚያ እንደገና አሳያለሁ ብሎ ትልቅ ድግስ ደግሶ ነበር። ጥሩር፣ ጦር፣ ባንዲራ፣ በአሥር ሺሕ የሚቆጠር ተመልካች። የመክፈቻው ቀን ዝናቡ ወረደ። ሜዳው ጭቃ ሆነ፣ ተመልካቹ ጃንጥላውን ዘረጋ፣ የመካከለኛው ዘመን በጃንጥላ ተሸፈነ። ማንም ቀልድ አልተናገረም፣ ሰው ግን እስከ ዛሬ ይስቅበታል።

ወንጀሉን አሳንሱት። ሬሳ ከወደቀ ጨዋታው አበቃ፣ የምር ፖሊስ ይመጣል፣ ኮርሴት ያደረገች ሴት ቃል ስትሰጥ ማሳቁ ይቀራል፣ ሰው ሞቷላ። ጌጥ ይጥፋ፣ ደብዳቤ ይጥፋ፣ ሥዕል ይቀየር። ያኔ እንግዶቹ "ፖሊስ ሳንጠራ በዘመኑ ደንብ እንጨርሰው" ቢሉ ያስኬዳል። የለንደን ፖሊስ የተቋቋመው በ1829 ስለሆነ የ1815 ሰው ሊጠራው አይችልም። ዳኛ ሆኖ የሚጫወተው ሰውዬ እንግዲህ ይመርምር። በኑሮው የጥርስ ሐኪም ነው፣ ተጠርጣሪዎቹን ሁሉ አፋቸውን እያየ ነው የሚጠይቃቸው።

ፍንጭ ላይ ግን ቀልድ የለም። በ1929 ሮናልድ ኖክስ የሚባል እንግሊዛዊ ቄስ ለምርመራ ልቦለድ አሥር ደንብ ጽፎ ነበር። አንዳንዱ ዛሬ ያስቃል። የመጀመሪያው ግን አሁንም ይሠራል፣ ወንጀለኛው በታሪኩ መጀመሪያ አካባቢ መነሳት አለበት። (ያቺ አርታኢ ስለ ቄሱ ሰምታ ይሁን አይሁን አላውቅም፣ የነገረችኝ ግን ይሄንኑ ነው።) ፍንጩን አንባቢ ፊት አስቀምጡት፣ ግን ዓይኑን ወደ ሌላ አዙሩ። እዚህ ላይ ነው ፍቅሩ የሚጠቅማችሁ። አንባቢ ሁለቱ እጅ ለእጅ ሊነካኩ ነው ብሎ ትንፋሹን ሲይዝ፣ ከኋላቸው ማን በር እንደዘጋ አያይም። ጽፋችሁታል፣ አልደበቃችሁም። እሱ ነው ያላየው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፣ የእናንተ ሥራ ገጽ 40 ላይ እንዳይጠራ ማድረግ ነው።

አሁን በጣም የምወደውን ልንገራችሁ፣ ይሄን ቋንቋችን ነው የሰጠን። ማረፊያው ውስጥ ሁሉም ሰው "እርስዎ" ይባባላል እንበል። ቀሚሱም፣ ሰላምታውም፣ ንግግሩም ሰም ነው፣ ወርቁ ከሥር ነው። "ዛሬ ማታ ለዳንሱ ይመጣሉ?" ይላል ሰውየው፣ በተጫዋቹ አፍ። "ከታዘዝኩ እመጣለሁ ጌታዬ" ትላለች። ስድስት ቀን እንዲህ ያወራሉ። በሰባተኛው ቀን ደረጃ ላይ ቀሚሷ አደናቅፏት ልትወድቅ ስትል ሰውየው "ቀስ በይ!" ይላል። በቃ። አንድ ቃል ናት። "እወድሻለሁ" ብሎ ሦስት ገጽ ቢያወራ ይቺን አያህልም።

ይቺው ቃል በሌላ አፍ ስትገባ ደግሞ ሌባ ትይዛለች። ሁለት እንግዶች እዚህ ገና መተዋወቃችን ነው ብለዋል። እርስ በርስ ሲያወሩ ከሁሉም የበለጠ ጨዋ ናቸው። ከዚያ ትሪ ወድቆ ሲሰበር አንደኛው ደንግጦ "አንተ ምን ነካህ!" ይላል። ድንጋጤ ላይ ሰው የሚያውቀውን ሰው በሚያውቀው ስሙ ነው የሚጠራው። ልብስ ሰፊዋ ስብርባሪውን እየለቀመች ሰምታለች። አንባቢ ግን በተሰበረው ብርጭቆ ስቆ አልፏል።

ይሄን ሁሉ ካጠናችሁ በኋላ ያጠናችሁትን ሁሉ አትጻፉት። መቶ ነገር እወቁና ስምንቱን ተጠቀሙ። የቀረው እጃችሁ እንዳይንቀጠቀጥ ይረዳችኋል። ገጸ ባሕርያችሁ ኮርሴት ስታደርግ ሁሉንም ቀለበት አትቁጠሩልኝ። ጎንበስ ብላ የወደቀ መርፌ ማንሳት አቅቷት፣ በጫማዋ ጫፍ እየገፋች ወደ ግድግዳ ስታስጠጋው አሳዩኝ፣ ገባኝ።

ስለ ልጅቷ ረቂቅ አንድ ነገር ቀርቶኛል። አትማ ነው የላከችልኝ፣ ገጽ ቁጥር ሳታደርግበት። በሁለተኛው ቀን ከጠረጴዛዬ ወድቆ ተበተነ። ስሰበስብ ዓይኔ መጀመሪያ ያረፈው ሌባዋ የተያዘችበት ገጽ ላይ ነው። ተናደድኩ፣ ከዚህ በኋላ ምን አነባለሁ ብዬ ልተወው ነበር። ግን እጄ ላይ የቀረውን ሌላ ገጽ አየሁ። ሁለቱ ሰዎች ሌሊት ወጥ ቤት ቁጭ ብለው ከመቅረዝ ላይ የደረቀ ሰም በቢላ ይፍቃሉ። እስከዚያ ድረስ "ልንገርዎ" ሲል የነበረ ሰው፣ ቢላውን አስቀምጦ፣ "ለምን እንደመጣሁ ልንገርሽ?" ይላታል። ገጹ እዚያ ላይ አለቀ። ልጅቷ ያን ቃል አስባበት ትጻፈው ሳታስበው አልጠየቅኳትም። እኔ ግን በዚህ ዕድሜዬ ተንበርክኬ ቀጣዩን ገጽ በየጠረጴዛው ሥር ስፈልግ ግማሽ ሰዓት ፈጀሁ። ቁም ሣጥኑ ሥር ገብቶ ነው ያገኘሁት።